«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት

ከዳባት የመጣ ወጣት ነው እንበል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን ለማየት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቷል። በስልኩ ሞክሮ እንቢ ብሎታል። የመለያ ቁጥር የሚጻፍባት ሳጥን ከስክሪኑ ጠርዝ ወጥታ ግማሿ ብቻ ትታያለች፤ «ፈልግ» የሚለውን ደጋግሞ ቢነካውም ገጹ አይንቀሳቀስም። የቤቱ ሠራተኛ በኮምፒውተሯ ሞከረችለት። እዚያ ደግሞ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ሲስተም የለም ወንድሜ፣ ነገ ተመለስ» አለችው። ነገ ተመለስ ማለት ለዚህ ልጅ ሌላ የመሳፈሪያ ብርና ሌላ የጭንቀት ሌሊት ነው።

ሲስተሙ ግን ነበር። በዚያው ሰዓት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በሻል ባለ ስልክ ያንኑ ገጽ ከፍቶ የእህቱን ውጤት አይቶ ወጥቷል። ኔትወርኩ አንድ፣ ገጹም አንድ ነው። የተለያየው ገጹን የሚያነበው ፕሮግራም ነው፤ ብሮውዘሩ፣ ወይም በአማርኛ የድረ ገጽ ማሰሻ የምንለው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኦፔራ ሚኒ፣ ሳፋሪ፣ ኤጅ ሁሉም ብሮውዘሮች ናቸው። ሁሉም ያረጃሉ።

ድሮ ብሮውዘር ቢያረጅ የሚቀርብን ወሬና ፎቶ ነበር። ዛሬ ፓስፖርት ለማመልከት፣ የንግድ ፈቃድ ለማደስ፣ ግብር ለማስታወቅ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ለማየት የምንገባው በዚሁ በር ነው። ስለዚህ ገጽ ሲበላሽ ብልሽቱ የማን እንደሆነ መለየት፣ የመኪና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ሾፌርም ጎማ መቀየር እንዳለበት ሁሉ፣ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነገር ሆኗል። ከባድ አይደለም። አንድ ከሰዓት የሚበቃው ትምህርት ነው።

ቃሉ፣ ምልክቱና ሥራው

ብዙ ሰው ድረ ገጽ እንደ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚላክ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም ስልክ አንድ ዓይነት ሆኖ በታየ ነበር። የሚላከው ጽሑፍ ነው፤ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ። የመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል ይባላል፤ ርእሱን፣ አንቀጹን፣ መሙያ ሳጥኑን የያዘው ቃሉ ነው። ሁለተኛው ሲኤስኤስ ሲሆን መልኩን ያዝዛል፦ ይህ በቀኝ ይቀመጥ፣ ያ አረንጓዴ ይሁን፣ ፊደሉ ይተልቅ። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ሥራውን ይሠራል፤ «ፈልግ» ሲነካ ቁጥሩን ወስዶ ውጤቱን ይዞ የሚመለሰው እሱ ነው። ብሮውዘሩ ሦስቱንም አንብቦ በእኛው ስክሪን ላይ ገጹን ይገነባል። ግንባታው በየስልኩ ላይ የሚካሄድ ስለሆነ፣ ግንበኛው ያልተማረውን ሊገነባ አይችልም።

ጎንደር ያደገ ሰው የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ስለሚያውቅ በእሱ ልመስል። በዜማ መጽሐፉ በድጓው ላይ፣ ከቃሉ ከፍ ብለው የሚቀመጡ ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች አሉ፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ንባብ ብቻ ለተማረ ልጅ ድጓውን ብትሰጡት ቃሉን ያነበዋል፣ ምልክቶቹን ግን አልፏቸው ይሄዳል። ቃሉ አለ፣ ዜማው የለም።

አሮጌ ብሮውዘር በሲኤስኤስ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የማያውቀው ትእዛዝ ሲገጥመው አይቆምም፣ አልፎት ይሄዳል። ግሪድ የሚባለውን ገጽን በረድፍና በዓምድ የመከፋፈያ ዘዴ ክሮምና ፋየርፎክስ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሊጫን የሚችለው የመጨረሻው ክሮም ግን 49ኛው እትም ነው፤ ግሪድን አያውቅም። በግሪድ የተሠራ ገጽ ሲመጣለት ጎን ለጎን መሆን ያለባቸውን ነገሮች አንዱን በሌላው ሥር ይደረድራቸዋል፣ ወይም አንዱን በሌላው ላይ ያነባብራቸዋል። መልኩ ይጠፋል እንጂ ጽሑፉ አለ። ትዕግሥት ያለው ሰው ወደ ታች እየወረደ ቢያነበው የፈለገውን ያገኘዋል።

ጃቫስክሪፕት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል፤ እዚህ አልፎ መሄድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ቋንቋው የገባች አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፦ የጥያቄ ምልክትና ወዲያው የምትከተለው ነጥብ። ክሮም የተማራት በዚያው ዓመት የካቲት በወጣው 80ኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ብሮውዘር እነዚያን ሁለት ምልክቶች አንድ ቦታ ላይ ካገኛቸው በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉትን ፋይል በሙሉ ይተወዋል። የዛሬ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ደግሞ ገጹን ከነጽሑፉ የሚሠሩት በጃቫስክሪፕት ነው። ያ ፋይል ሲተው የሚቀረው ነጭ ወረቀት ነው። የዳባቱ ልጅ በኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ገጽ ያየው፣ በስልኩም ላይ የነካው ቁልፍ ዝም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥዕሎቹ ጉዳይ ቀላል ነው። ዌብፒና ኤቪፍ የሚባሉ አዳዲስ የምስል ዓይነቶች መጥተዋል፤ አሮጌ አይፎን ወይም አሮጌ ክሮም ካላወቃቸው በሥዕሉ ፈንታ ባዶ ቦታ ይታያል። ሌላው ነገር ደኅና ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም።

አልከፈት አለ ወይስ ተከፍቶ ተበላሸ?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው። የውጤት ቀን በመላ አገሪቱ ያለ ተማሪ፣ ወላጅና ዘመድ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ገጽ ሲሮጥ ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ይጨናነቃል። ያን ጊዜ የምታዩት ክብ ምልክት ሲዞር፣ ሲዞር፣ ከዚያ «ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ነው። ይህ የእናንተ ስልክ ጥፋት አይደለም። ብሮውዘር ብትቀይሩ፣ ብታድሱ ለውጥ አያመጣም። መጠበቅ፣ ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ቦት የሚሰጥ አማራጭ ካለ በእሱ መሞከር ነው። ገጹ ከመጣ በኋላ የተዘበራረቀ፣ የተቆረጠ፣ ቁልፉ የማይሠራ ወይም ነጭ ከሆነ ግን ጣት ወደ ብሮውዘሩ መዞር አለበት።

ይህን ለማረጋገጥ ያንኑ ገጽ በሌላ ስልክ ወይም በሌላ ብሮውዘር መክፈት በቂ ነው። በሌላው ከሠራ ብልሽቱ የእናንተ ዘንድ ነው። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተበላሸ የገጹ ባለቤት ጥፋት ነው፤ ማመልከትም የሚገባው ለእሱ ነው። ይህች ሙከራ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፤ ሆኖም ሰው «ነገ ተመለስ» ከመባሉ በፊት ስትደረግ እምብዛም አላይም።

ቀጥሎ የሚመጣው ካሽ ነው። ብሮውዘር ዳታ ለመቆጠብ ሲል ከዚህ በፊት ያወረዳቸውን ፋይሎች ያስቀምጣል። የገጹ ባለቤት ፋይሎቹን ከቀየረ በኋላ አዲሱ ቃል ከአሮጌው መልክ ጋር ሊደባለቅ ይችላል። በኮምፒውተር ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ 5ን መጫን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስመጣል። በስልክ ገጹን በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም በግል መስኮት መክፈት ተመሳሳይ ውጤት አለው። መሙያ ሳጥኑ ከስክሪኑ ከወጣባችሁ ደግሞ ከክሮም ሦስት ነጠብጣቦች ውስጥ የኮምፒውተር ገጽ የሚያሳየውን ምርጫ ምልክት አድርጉበት። ጽሑፉ ያንሳል፣ ግን ሳጥኑ ሙሉውን ይታያል።

ኦፔራ ሚኒን ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ኦፔራ ሚኒ ዳታ የሚቆጥበው ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አስነብቦ፣ ጨምቆ በመላክ ነው። ለደካማ ኔትወርክ ባለውለታ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ኢንተርኔትን ያወቀው በእሱ በኩል ነው። ነገር ግን ከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ሲሆን ጃቫስክሪፕት ከሞላ ጎደል አይሠራም። ለዜና ንባብ ይበቃል፤ ቅጽ ለመሙላት አይሆንም። ቅጽ ስትሞሉ ቁጠባውን አጥፉት፣ ወይም ወደ ክሮም ሂዱ።

የሰዓቱ ጉዳይ

አሁን በተለይ በአገራችን ወደሚያጋጥም ነገር ልግባ። ባለሙያዎቻችን ራሳቸው ሲስቱት አይቻለሁና ረዘም አድርጌ ልነግራችሁ ይገባል።

ዛሬ ድረ ገጽ ሁሉ ከሞላ ጎደል ሰርተፊኬት አለው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበት ቀን አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው። ብሮውዘሩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት መታወቂያውን ተቀብሎ ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያስተያያል። ቀኑ በሁለቱ መካከል ካልሆነ በሩን ይዘጋል፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። የሰርተፊኬት ዕድሜ አጭር ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው በነፃ የሚያድለው ድርጅት ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው የ90 ቀን ነው።

ኮምፒውተር ተዘግቶም ቀኑን የሚያስታውሰው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። በየቢሮውና በየኮፒ ቤቱ ያሉ ኮምፒውተሮች ዕድሜ ሲገፋ ይህች ባትሪ ትሞታለች። ከዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ዎርዱም ኤክሴሉም ይሠራል፣ ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም። «ኔትወርክ ነው» ይባላል።

ቀኑ መሳሳቱን ያየ ሰው ሊያስተካክለው ይነሣል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 2017 ይላል እንበል፤ እሱም 2017 ብሎ ይሞላል። ለኮምፒውተሩ ግን ዘመኑ በፈረንጅ ነው፣ 2025። ሰውዬው በቅንነት ኮምፒውተሩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው። በ2025 የተሰጠ ሰርተፊኬት ለዚያ ኮምፒውተር ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው። ክሮም በዚህ ጊዜ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ መቅረቱን በግልጽ ይነግራል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው ብዙ ሰው የማያነበው። በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ስምንት ነው። ልዩነቱን በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ ጎን መለጠፍ ብዙ ቀን ያተርፋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ስሕተት ብዙ ጊዜ ገጽ አይዘጋም፤ ነገር ግን ስሕተቱ በስልክ ላይ ከሆነ በሰዓት ተመርኩዘው የይለፍ ቁጥር የሚያመነጩ መተግበሪያዎችን ያበላሻል። በዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኟትም፤ የእኛው ቀጠና ናይሮቢ በሚለው ስም የተቀመጠው ነው። ናይሮቢን መርጣችሁ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲስተካከል ብታዝዙት ከዚህ ሁሉ ታርፋላችሁ። ባትሪዋን መቀየር ደግሞ በአንድ ካቻቪቴ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ቀይ ማስጠንቀቂያው የሚመጣበት ጊዜ አለ። ብሮውዘሩ መታወቂያውን ብቻ ሳይሆን መታወቂያውን የሰጠውን አካል ማኅተም ማወቅ አለበት፤ የማኅተሞቹ ዝርዝር በኮምፒውተሩ ወይም በብሮውዘሩ ውስጥ ተቀምጧል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም ለብዙ ድረ ገጾች መሠረት የነበረ አንድ አሮጌ ማኅተም ጊዜው አለፈ። አዲሱን በእድሳት ያላገኙ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአንድ ቀን ውስጥ ደኅና የነበሩ ገጾችን «አላውቃችሁም» ማለት ጀመሩ። ፋየርፎክስ የማኅተም ዝርዝሩን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ከሌሎቹ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት ይቻል ይሆናል፤ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የመታወቂያ ቁጥር በምትሞሉበት ገጽ ላይ ግን ፈጽሞ አታድርጉት።

ፊደላችን ሳጥን ሲሆን

የአማርኛ ጽሑፍ በሦስት መንገድ ይበላሻል፤ ሦስቱም መልካቸው ይለያያል፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሲሆን ነው። ይህ ማለት ብሮውዘሩ ፊደሉ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ የሚሥልበት ፎንት ግን የለውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። እዚያ ለማድረስ ከደከሙት መካከል ፍስሐ አትላው ይገኙበታል፤ በአሜሪካ በ1980ዎቹ ለአማርኛ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሠራችው ድርጅታቸው ዳሽን ኢንጂነሪንግ ስሟን ከስሜን ተራራችን ጋር ትጋራለች። በመዝገብ መግባትና በስክሪን መታየት ግን ሁለት ነገር ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ የግእዝ ፊደል ፎንት አልነበረውም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪመጣ እ.ኤ.አ. 2007 ደረሰ። በመካከሉ የነበረ ሰው አማርኛ ገጽ ከፍቶ ያየው ሳጥን ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ፎንት መጫን ነው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ በነፃ የሚገኙ ናቸው፣ በፍላሽ ተሸክሞ መሄድም ይቻላል።

ያን ጊዜ በትንንሽ ስልኮች ላይ ፎንት መጫን ስለማይቻል ሰዎች ሌላ ዘዴ ያውቁ ነበር። በኦፔራ ሚኒ የአድራሻ ቦታ ላይ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ በሚከፈተው ገጽ ውስጥ አስቸጋሪ ፊደላትን በሥዕል አድርግ የሚል ምርጫ ነበር። «አዎ» ሲሉት የኦፔራ ሰርቨር አማርኛውን በሥዕል መልክ ሥሎ ይልከዋል። ዳታ ይበላ ነበር፤ ነገር ግን በፊደላችን ያስነበበን እሱ ነው።

በደኅና አማርኛ መካከል አልፎ አልፎ ብቻ አንድ ሁለት ሳጥን ካያችሁ አትጨነቁ። ብዙውን ጊዜ አዲስ ኢሞጂ ነው፤ በየጊዜው አዳዲስ ስለሚወጣ አሮጌ ስልክ አያውቀውም።

ሁለተኛው ብልሽት አማርኛው ቦታ ላይ ጭረት የተሰነቀረበት የላቲን ኤ ፊደል በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ ሲታይ ነው። የዚህ ምክንያት ያምራል፣ ልንገራችሁ። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት አንድ ነው፣ ከሀ እስከ ፐ። ብሮውዘሩ ገጹ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው ብሎ ከተሳሳተ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ምልክት ያነባቸዋል፤ የመጀመሪያው ዘወትር ያው ጭረት ያለበት ኤ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ስታዩ ጽሑፉ ከነሕይወቱ እንዳለ እወቁ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ፋየርፎክስ በእይታ ዝርዝሩ ውስጥ የጽሑፍ አነባበብን የሚያቃና ትእዛዝ አለው። ዘላቂው መፍትሔ ግን የገጹ ባለቤት በኤችቲኤምኤሉ አናት ላይ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በአንድ መስመር መጻፉ ነው።

ሦስተኛው ብልሽት የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ያለ አንዳች ሥርዓት ተደባልቀው ሲታዩ ነው። ይህ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች፣ በፓወር ግእዝና በመሰሎቹ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው አማርኛ መስለው ይታዩ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ግን ልብሱ ይወልቃል። ይህ የብሮውዘራችሁ ጥፋት አይደለም፣ ብታድሱትም አይድንም። የቆየ ደብዳቤና ማስታወቂያ ሳይቀየር ድረ ገጽ ላይ የሚለጠፍባቸው ቦታዎች ስላሉ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ማደስና የማደስ ወሰኑ

የብሮውዘርን ዕድሜ ማወቅ ቀላል ነው። በክሮም ሦስቱን ነጠብጣቦች ነክታችሁ ወደ እርዳታ፣ ከዚያ ስለ ክሮም ወደሚለው ግቡ፤ የእትሙ ቁጥር ይታያል፣ አዲስ ካለም ራሱ ማውረድ ይጀምራል። በስልክ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ክሮምን ፈልጋችሁ «አፕዴት» የሚል ካለ መንካት ነው። አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው የሚለውንም አብራችሁ አድሱ፤ ብዙ መተግበሪያዎች በውስጣቸው ድረ ገጽ የሚከፍቱት በእሱ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ስልኮች ሳይታደሱ ከርመዋል። ከዚያ ወዲህ ፕሌይ ስቶርን ያልከፈተ ሰው ካለ ዛሬ ይክፈት።

እድሳት ግን ወሰን አለው። በኮምፒውተር በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም በጥር 2023 የወጣው 109ኛው ነው። ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ሺህ ጊዜ አፕዴት ብትሉትም «የታደሰ ነኝ» ይላችኋል። ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ፋየርፎክስ 115 ይሻላል፤ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ተብሎ የተለየ እትም ነው። ሰማያዊዋን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ምልክት አሁንም ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠ ቢሮ ካለ ያንሣት፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም ጡረታ አውጥቷታል። በስልክ በኩል ከክሮም 120 ጀምሮ ቢያንስ አንድሮይድ 8፣ ከ139 ጀምሮ አንድሮይድ 10 ያስፈልጋል። ስልካችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ፋየርፎክስን ሞክሩ፤ አሮጌ አንድሮይድን ከክሮም ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ታግሷል።

ከደባርቅ አልፎ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ሲወጣ የኔትወርኩ ነገር ይታወቃል። አሥር ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እያንዳንዱን በየተራ ከኢንተርኔት ላድስ ቢል ዳታውም ጊዜውም አይበቃውም። ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚጫነው ሙሉ ፋይል። ክሮምም ፋየርፎክስም አላቸው፣ ነፃ ነው። የኮምፒውተር መምህሩ ጎንደር ወይም ደባርቅ በወረደ ቀን ዋይፋይ ካለበት ቦታ አንድ ጊዜ ያወርደዋል፤ የአማርኛ ፎንቶቹንም አብሮ በፍላሽ ይይዛል። ሲመለስ አሥሩንም በአንድ ቀን ያድሳቸዋል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርድ፤ ፍላሹንም ለቫይረስ ይፈትሽ።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። በየድረ ገጹ ብቅ የሚሉ «ብሮውዘርዎ አርጅቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። እውነተኛ ብሮውዘር በሌላ ሰው ገጽ መካከል ተነሥቶ አይለምንም። እነዚህ አብዛኞቹ ስልክ የሚያበላሹ፣ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ናቸው። ማደስ በፕሌይ ስቶር፣ በብሮውዘሩ በራሱ ቅንብር ወይም ከአምራቹ ድረ ገጽ በወረደ ፋይል ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ለተጠቃሚው ነው። ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ መውደቁን ግን አልቀበልም። አዲስ ስልክ መግዛት የማይችል ገበሬ አሮጌ ስልክ ስለያዘ ብቻ የመንግሥት አገልግሎት ሊያመልጠው አይገባም። ጃቫስክሪፕት ባይሠራም መሙያ ቅጹ እንዲሠራ አድርጎ ገጽ መገንባት ይቻላል፤ በቀላል ኤችቲኤምኤል የተሠራ ቅጽ በአሮጌ ብሮውዘር ላይም ቁጥር ተቀብሎ መልስ ይሰጣል። አዳዲስ የጃቫስክሪፕት ምልክቶችን ለአሮጌዎቹ በሚገባ አጻጻፍ የሚመልሱ መሣሪያዎችም በነፃ አሉ። ውብ ገጽ መሥራት የሚያኮራ ነው፤ ማንም የሚያነበው ገጽ መሥራት ግን ይበልጣል።

ስለዚህ ለሕዝብ አገልግሎት ድረ ገጽ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለቢሮ ኃላፊው በአዲሱ ላፕቶፕ ከማሳየታችሁ በፊት የአምስትና የስድስት ዓመት ስልክ ከሚይዝ ዘመዳችሁ ላይ ስልኩን ተውሳችሁ ገጹን ክፈቱት። ቁጥር አስገቡበት፣ «ፈልግ» የሚለውን ንኩት። መልስ ካልመጣ ሥራው አላለቀምና አታስረክቡት።